ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የእኛ የኢኮኖሚክስ ፈተና

የኢኮኖሚክስን መግቢያ በመጀመሪያ ዓመት የተማርን ኹሉ የአዳም ስሚዝንና የዴቪድ ሪካርዶን ስም እናውቃለን። የፍላጎትንና የአቅርቦትን መሥመር አስምረን የሚገናኙበትን ነጥብ ዋጋ ብለን እንሰይማለን፤ ፈተና በመጣ ጊዜም ያንኑ ሥዕል መልሰን ሥለን እንወጣለን። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ሀብት፥ ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ በገዛ ቋንቋችን የመረመረ ኢትዮጵያዊ እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? እኒህ ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን እንጂ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት አይደለንም፤ ኾኖም ትምህርቱን ለኹላችን አስተምረው ለኹላችን ስለሚፈትኑን፥ የነጋድራስን ታሪክ ስንተርክ ሕይወታቸው የሚያቀርብልንን ጥያቄ አብረን ብናነሣ አንባብያን ወንድሞችና እኅቶች እንደማይቀየሙን ተስፋ አለን።

ገብረ ሕይወት በሐምሌ ወር 1878 ዓ.ም. በትግራይ፥ በዐድዋ አጠገብ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩና ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። ዘመኑም ክፉ ቀን የተባለው ነበር፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፥ ሕዝቡም በረኃብ ተጎዳ። ሕፃኑ ሰባት ዓመት ገደማ ሲኾናቸው ከጓደኞቻቸው ጋራ ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ የነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ተጠጉ። ከዕለታት አንድ ቀን በወደብ የቆመውን የጀርመን መርከብ ለማየት ገብተው ሳይወርዱ ቀሩ። መርከቡ ከባሕር መካከል ከገባ በኋላ የተገኘውን ልጅ የመርከቡ አለቃ ለአንድ ሀብታም ኦስትሪያዊ አደራ ሰጠው፤ ኦስትሪያዊውም እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋቸው። የጀርመንን ቋንቋ ተማሩ፥ በበርሊንም የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እኒህ ሰው ዛሬ በምንቀመጥበት ዐይነት የኢኮኖሚክስ ክፍል ተቀምጠው የወጡ አይደሉም።

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ለዐፄ ምኒልክ ጸሓፊና አስተርጓሚ ኾኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት ዘመን ግን ቤተ መንግሥቱ በጥርጥርና በወሬ የተሞላ ነበርና ከባለሥልጣኖች ጋራ ሳይስማሙ ቀርተው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በስደት የተቀመጡበት ጊዜ ለማሰብ ጊዜ የሰጣቸው ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1912 ዐጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የሚል ጽሑፋቸው በአሥመራ የስዊድን ሚስዮን ባሳተመው ብርሃን ይኹን በተባለ መጽሐፍ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሥ ገንዘብ እንዲለይ፥ ሹማምንት ደመወዝ እንዲቈረጥላቸው፥ የገበሬውም ግብር ልኩ የታወቀ እንዲኾን መከሩ።

ግብሩ ልኩ የታወቀ ይኹን ማለት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከማይክሮኢኮኖሚክስ ትምህርታችን ዋነኛው ክፍል በዚህ ውስጥ ተደብቋል። አንድ ገበሬ ዘጠኝ ዳውላ እህል አግብቷል እንበል። ዐሥረኛውን ዳውላ ለማግኘት አንድ ሳምንት ጨምሮ መድከም አለበት። ያ ዐሥረኛ ዳውላ ቤቱ ለሚሠፍር ወታደር ወይም ለጭቃ ሹም የሚሄድ ከኾነ ገበሬው ዘጠኝ ላይ ያቆማል፤ ሰነፍ ስለ ኾነ አይደለም፥ ቢደክምበት የማይጠቀምበት ስለ ኾነ ነው። ግብሩ አስቀድሞ ኹለት ዳውላ ተብሎ ቢቈረጥ ግን ኹለቱን ከፍሎ ዐሥረኛው የራሱ ስለሚኾን ይደክምበታል። ከኹለቱ ሥርዐቶች መንግሥት የሚያገኘው እህል እኩል እንኳ ቢኾን በጎተራው የሚቀረው እህል እኩል አይደለም። ይህን ነገር መምህር በመጨረሻዋ ድካምና በመጨረሻዋ ጥቅም ብሎ በሥዕል ሲያሳየን ጽፈን እንይዛለን፤ ስለ ገበሬው ሲጠየቅ ግን የባላባትን ጭካኔ ብቻ ጽፈን የምንወጣ ብዙ ነን።

በዚህ ረገድ ከአሜሪካውያን መምህራን አንድ ነገር ብንጠቅስ ይጠቅማል። እነዚህ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1968 በኮሌጅ የኢኮኖሚክስን መግቢያ የሚማሩ ተማሪዎች ነገሩ ገብቷቸው እንደ ኾነ የሚመረምር አንድ ፈተና አወጡ፤ እየታደሰም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጥያቄዎቹን በሦስት ደረጃ ከፍለዋቸዋል። በፊተኛው ሐሳቡን ለይቶ ማወቅ ይጠየቃል፤ በኹለተኛው የተሰየመውን ሐሳብ በአንድ ነገር ላይ ማዋል ይጠየቃል፤ በሦስተኛው ግን ሐሳቡ ስሙ ሳይጠራ ተማሪው ራሱ ከነገሩ ውስጥ ፈልጎ ያወጣዋል። እኛ የለመድነው የፊተኛውን ነው። ነጋድራስ የሠሩት የሦስተኛውን ነው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፥ የሐሳቡም ስም በአማርኛ ገና ሳይወጣለት።

ልጅ ኢያሱ በነበሩበት ዘመን ገብረ ሕይወት ተመልሰው ሹመት አገኙ። የባቡር ሐዲዱን ሥራ ተቈጣጠሩ፥ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ኾኑ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ኀላፊ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ባቡሩ የፈጠራት ከተማ ናት፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቡናና ቆዳ፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣውም አቡጀዲ በዚያ ያልፋል። ስለዚህ ሌሎች በመጽሐፍ የሚያነቡትን ገበያ እሳቸው በየቀኑ በሚዛንና በመዝገብ ላይ ያዩት ነበር። በዚያ ዘመን ዕቃ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሲሄድ በየኬላው ይቀረጥ ነበርና፥ ለሙያው ጥያቄ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ኬላ ላይ ቀረጥ የሚከፍለው ማን ነው? ገንዘቡን ቈጥሮ የሚሰጠው ነጋዴው መኾኑን ሕፃንም ያውቃል፤ ጥያቄው ኪሱ የሚጐድለው የማን ነው የሚል ነው። ምሳሌውን ከአጠገባችን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ሲወጡ ለገጣፎን አልፎ ለገዳዲ ይገኛል፤ ዛሬ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋራ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃሏል። ከለገዳዲ ወደ አዲስ አበባ ወተት ይወርዳል እንበል፤ ሊትሩ 60 ብር ይሸጣል፥ በመንገዱም ላይ በሊትር 6 ብር የሚቀበል ኬላ ቆመ እንበል። የከተማው ሰው ከሌላ በር የሚመጣ ወተት ስላለው 66 ብር ቢሉት ወደዚያ ይሄዳል። ባለላሟ ግን ወተቷን እስከ ነገ አታቆየውም፤ ይበላሽባታል። ስለዚህ ከስድስቱ ብር የሚበልጠው ከእሷ ላይ ይወርዳል፥ ምንም እንኳ ለቀራጩ የሰጠው ነጋዴው ቢኾን። ዕቃው ወተት መኾኑ ቀርቶ ከተማው ከሌላ ቦታ የማያገኘው ነገር ቢኾን ኖሮ ክፍያው ወደ ከተሜው በዞረ ነበር። መታገሥ የማይችል፥ መሄጃም የሌለው ነው ቀረጥ የሚከፍለው። በፈተና ወረቀት ላይ ይህ ነገር ስለ ሲጃራና ስለ ቤንዚን ይጠየቃል፤ ስለ ወተት ቢጠየቅ ከመካከላችን ስንቱ መልሱን ያገኘዋል የሚለውን ለአንባቢ እንተወዋለን።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። ዋነኛው ሥራቸው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፍ በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ ነበርና በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ታትሞ አላዩትም። በርእሱ የተታለለ ሰው ስለ ሹመትና ስለ ግብር ብቻ የሚናገር ይመስለዋል፤ በውስጡ ያለው ግን የኢኮኖሚ ትምህርት ነው፤ ስለ ሥራ፥ ስለ ገንዘብ፥ ስለ ንግድና ስለ መንገድ ይናገራል።

ከመጽሐፉ ኹሉ የሚከብደው ነገር በዐዋቂ ሕዝብና ዕውቀት ባልደረሰው ሕዝብ መካከል ስለሚደረገው ንግድ የሚናገረው ነው። በእሳቸው ሐሳብ እንዲህ ያለው ንግድ የእኩዮች ንግድ አይደለም፤ ዐዋቂው ጥቂት ደክሞ ብዙ ድካም ያለበትን ዕቃ ይወስዳል። እኛ ደግሞ በክፍል ውስጥ ከሪካርዶ የተማርነው፥ ኹለት አገሮች ቢነግዱ ኹለቱም ይጠቀማሉ የሚል ነው። እንግዲህ ከኹለቱ አንዱ ተሳስቷልን? ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ እንደ ስሜቱ ይፈርዳል፤ አገር ወዳዱ ለነጋድራስ፥ ማርክ ፈላጊው ለሪካርዶ። እኛ ግን በቍጥር እንየው።

በአገራችን አንድ ጣቃ ጨርቅ 12 ቀን፥ አንድ ቆዳ 3 ቀን ያስደክም እንበል። በፋብሪካ አገር ጨርቁ 2 ቀን፥ ቆዳውም 2 ቀን ይፈጅ። እዚህ አንድ ጨርቅ ለመሥራት አራት ቆዳ መተው ያሻል፤ እዚያ አንድ ቆዳ ብቻ። ስለዚህ የጨርቁ ዋጋ ከአንድ ቆዳ በላይና ከአራት ቆዳ በታች ከኾነ ኹለቱም ይነግዳሉ። ዋጋው ኹለት ቆዳ ቢኾን የእኛ ሰው በ12 ቀን ሊሠራው የነበረውን ጨርቅ በ6 ቀን ድካም ያገኛል፤ ፈረንጁም በ4 ቀን ሊያገኛቸው የነበሩትን ኹለት ቆዳዎች በ2 ቀን ድካም ያገኛል። ሪካርዶ እውነቱን ነው፤ ኹለቱም ተጠቀሙ። ነገር ግን የእኛ 6 ቀን በእሱ 2 ቀን ተለወጠ፤ ነጋድራስም እውነታቸውን ነው። ዋጋው ሦስት ቆዳ ቢደርስ 9 ቀናችን በ2 ቀን ይለወጣል፥ ያም ኾኖ ነግዶ ማግኘት ካለመነገድ ይሻላል። ሪካርዶ የሚጠይቀው ከመነገድና ካለመነገድ የቱ ይሻላል ብሎ ነው፤ ነጋድራስ የሚጠይቁት ትርፉን ማን ወሰደው፥ ነገስ ምን ይኾናል ብለው ነው። ሸማኔው ጨርቁ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ መወርወሪያውን ጥሎ ቆዳ ገፋፊ ከኾነ፥ ልጁ ሽመናን ከማን ይማራል? ጨርቁን 12 ቀን የሚያስፈጀን ዕውቀት ማጣት ነውና፥ ሥራውን የተወ ዕውቀቱን አያሻሽልም። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ከዚህ ሐሳብ ጋራ የሚዛመድ ነገር እ.ኤ.አ. በ1950 ቢጽፍ በዓለም ኹሉ ስሙ ተጠራ። የድሬዳዋው ነጋድራስ ከእሱ በሠላሳ ዓመት ይቀድማሉ፤ ነገር ግን የጻፉት በአማርኛ ስለ ነበር የእንግሊዝኛው ትርጕም እስኪታተም ድረስ እስከ እ.ኤ.አ. 1995 መቆየት ግድ ኾነ።

ስለ ባቡርም የተናገሩት ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። መንገድ ብቻውን አያበለጽግም ብለው ያስባሉ፤ የሚላክ ሥራ የሌለው ሕዝብ መንገድ ቢያገኝ ያለችውን ጥሬ ዕቃ ፈጥኖ ያወጣል። ለዚህ መፍትሔው መንገዱን መዝጋት ነው አላሉም፥ ሕዝቡን ማስተማር ነው አሉ እንጂ። አንዳንዶች የውጭ ንግድ ጠላት አድርገው ሲጠቅሷቸው መስማታችን ያሳዝነናል።

ነገር ግን የሰውን ታሪክ መጻፍ ማመስገን ብቻ አይደለም። ነጋድራስ የሀብት ምንጭ ሥራ ነው ከማለት አልፈው የዕቃን ዋጋ በገባበት ድካም ለመለካት ሲሞክሩ የዛሬ ፈታኝ ቀይ ምልክት ያደርግባቸው ነበር። ወደ ለገዳዲ እንመለስ። በዚያ ያለው ግድብ በ1960ዎቹ ተሠርቶ የአዲስ አበባን ሕዝብ ውሃ ያጠጣል። ስሙ ግን በኦሮምኛ የጠጅ ወንዝ ማለት ነው። አዳም ስሚዝ ውሃ ለሕይወት እጅግ የሚያስፈልግ ሲኾን ስለምን ርካሽ ኾነ፥ አልማዝስ የማያስፈልግ ሲኾን ስለምን ተወደደ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ እኛም በለገዳዲ ስም ስለ ውሃና ስለ ጠጅ ልንጠይቅ እንችላለን። ወንዙ እንደ ስሙ ጠጅ ቢያፈስ ኖሮ ጠጅ ቤት ኹሉ በተዘጋ ነበር። ዋጋ የሚቈርጠው የዕቃው ጠቅላላ ጥቅም አይደለም፥ በመጨረሻ የምትጨመረው ብርጭቆ ጥቅም ነው። ድካምም ብቻውን ዋጋ አይሰጥም፤ ዐርባ ክንድ ተቈፍሮ ውሃ ያልወጣበት ጕድጓድ ድካሙ ብዙ ነው፥ የሚገዛው ግን የለም። የሚያስገርመው፥ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ሜንገር በቪየና አሳትሞት ነበር፤ ያውም ገብረ ሕይወትን ባሳደጋቸው ሰው አገርና ቋንቋ። የእሳቸው ጥያቄ ግን የአንድ ብርጭቆ ዋጋ አልነበረም፥ የአንድ አገር ድህነት ነበረ፤ ለዚያ ጥያቄ ሜንገር ብዙ አይረዳም።

እንግዲህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለን። በሚመጣው ፈተና የፍላጎትና የአቅርቦት ሥዕል ይቅር አንልም። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን፥ በአገራችን 12 ቀን የሚፈጀውን ጨርቅና የሸማኔውን ልጅ አንሥቶ ሪካርዶና ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ለይተን እንድናሳይ ይጠይቀን፤ ሌላው ደግሞ የለገዳዲን ወተት ቀረጥ ማን እንደሚከፍል ይጠይቀን። ማርካችን ዝቅ ቢል እንኳ የምናጉረመርም አይደለንም።