የእጢን የደም ስር የተከተሉት ሐኪም

ዶክተር ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአይሁድ ረቢ ነበሩ፤ ልጅየው ግን ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በባሕር ኃይሉ የሕክምና ምርምር ሲሠሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከእንስሳ ወጥቶ በመስታወት ዕቃ በሕይወት በቆየ የአካል ክፍል ላይ ያኖሩት የካንሰር እጢ የመርፌ ራስ አክሎ ቆመ፤ አላድግም አለ። ያው እጢ አይጥ ውስጥ ሲገባ ግን አዲስ የደም ስር በቀለለትና ፋፋ።

በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እጢ ከ1 ወይም 2 ሚሊሜትር በላይ ለማደግ የደም ስር ወደ ራሱ እንደሚጠራ፣ ይህን መንገድ መዝጋትም ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። ማን ይስማቸው! የሙያ ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ተሳለቁባቸው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትልቁ ነገር የ1998ቱ ነው። በአይጥ ላይ ያገኙት ውጤት በኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ወጣና የመድኃኒት ኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን ሰማይ ነካ። ሕሙማን መድኃኒቱን ፍለጋ ስልክ አጨናነቁ። እሳቸው እኮ አይጥ ሌላ ሰው ሌላ መሆኑን ደጋግመው ያስጠነቅቁ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ተስፋው ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል።

የማህፀን በር ካንሰርን እንይ። በእጢያቸው ውስጥ የደም ስር የበዛባቸው ሴቶች የመዳን ዕድላቸው ዝቅ እንደሚል በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል። የደም ስር መብቀልን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ በ2014 በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም ተፈቀደ። ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ፣ በሽታው የጸናባቸውን ሴቶች ዕድሜ ከ13 ወር ገደማ ወደ 17 ወር ገደማ አራዝሟል። ፈውስ አይባልም፤ ልጆች ላሏት እናት ግን 4 ወር ቀላል ነው እንዴ?

ፎክማን ይህን አላዩም። በጃንዋሪ 2008 ንግግር ለማድረግ ሲጓዙ በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ።