ሎክ ዋን ቶ

ሎክ ዋን ቶ (ሰኔ 7 ቀን 1907 ዓ.ም. – ሰኔ 13 ቀን 1956 ዓ.ም.) የሲንጋፖሩን ካቴይ የተባለ የፊልም ድርጅት ያሳደገ የሲኒማ ቤቶች ባለቤት፣ ፊልም አሠሪ እና የአዕዋፍ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ሲንጋፖር ገና በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሳለች ከዚህች ትንሽ ደሴት ተነሥቶ፣ በማሌይኛ እና በቻይንኛ ፊልም የሚሠሩ ሁለት ኩባንያዎችን አቋቁሟል። ድርጅቱ ያደገው ፊልም ከማሳየት ወደ ማከፋፈል፣ ከማከፋፈልም ወደ መሥራት በመሸጋገር ነው። ሎክ በ49 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ ግን የፊልም ሥራው ብዙ አልቆየም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ሎክ በ1915 በዛሬዋ ማሌዢያ፣ በኩዋላ ሉምፑር ከተማ ተወለደ። በቻይናውያን ልማድ መሠረት «ሎክ» የቤተሰቡ ስም ሲሆን፣ «ዋን ቶ» የራሱ መጠሪያ ነው። አባቱ ሎክ ዩ ከቻይና ባዶ እጁን መጥቶ በቆርቆሮ ማዕድንና በጎማ ተክል እርሻ እጅግ የበለጸገ ነጋዴ ነበር። አባቱ በ1917 ሲሞት ዋን ቶ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበርና፣ ያሳደገችው እናቱ ሊም ቼንግ ኪም ናት።

በኩዋላ ሉምፑር ቪክቶሪያ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስዊዘርላንድ ከተማረ በኋላ በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ አጠና። ከዚያም በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ቆይታ አድርጓል። ስለ ፊልም አሠራር የተማረው ልዩ ትምህርት አልነበረም።

ከሲኒማ ቤት መጀመር

ቤተሰቡ ወደ ሲኒማ ንግድ የገባው በ1935 ነው። በዚያ ዓመት እናትና ልጅ ከአንድ ሸሪክ ጋር ሆነው የሲኒማ ቤት ኩባንያ አቋቋሙ። በመጀመሪያ በኩዋላ ሉምፑር ፓቪሊዮን የተባለውን ሲኒማ ቤት ከፈቱ። በሲንጋፖር ደግሞ ካቴይ ሕንፃን አሠሩ፤ «ካቴይ» የቻይና የጥንት መጠሪያ ነው። 1,300 ያህል መቀመጫ የነበረው ካቴይ ሲኒማ ጥቅምት 1939 ተከፈተ። አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ሲኒማ ቤት በመሆኑ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚሞቅ አገር ሰዎች ለቅዝቃዜውም ጭምር ይመጡ ነበር። ከበላዩ የተሠራው ሕንፃም በጊዜው ከሲንጋፖር ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር።

የጦርነቱ ዘመን

የጃፓን ጦር ሲንጋፖርን ሊይዝ ሲቃረብ፣ በየካቲት 1942 ሎክ በመርከብ ሸሸ። መርከቧ በሱማትራ አጠገብ በባንካ ወሽመጥ በአውሮፕላን ተደበደበች። ሎክ ክፉኛ ተቃጠለ፤ ለጊዜውም ዓይኑ ማየት ተስኖት ነበር። በሕይወት ተርፎ ወደ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ተወሰደ፤ ከዚያም ወደ ሕንድ ተሻገረ።

በሕንድ ከታዋቂው የአዕዋፍ ተመራማሪ ከሳሊም አሊ ጋር ተዋወቀ። ወዳጅነታቸው እስከ ዕድሜው መጨረሻ የዘለቀ ሲሆን፣ ሎክ ለሳሊም አሊ የምርምር ጉዞዎች ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እሱ ራሱም ወፎችን በጎጇቸው አድፍጦ ፎቶግራፍ በማንሳት የታወቀ ሆነ፤ በ1957ም ስለዚሁ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ።

በወረራው ዘመን ካቴይ ሕንፃ የጃፓኖች የስርጭትና የፕሮፓጋንዳ መሥሪያ ቤት ሆነ። ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙም በእነዚያ ዓመታት በሲንጋፖር ተመድቦ የተማረኩ የአሜሪካ ፊልሞችን የማየት ዕድል አግኝቶ ነበር።

የማሌይኛ ፊልሞች

ከጦርነቱ በኋላ ሎክ ሲኒማ ቤቶቹን እንደገና ከፍቶ በማላያ፣ በሲንጋፖርና በአካባቢው አስፋፋቸው። ሆኖም የሚያሳየውን ፊልም ከሌላ መግዛት ነበረበት። ዋና ተፎካካሪዎቹ ሻው ወንድማማቾች ግን የራሳቸው ሲኒማ ቤቶችም፣ በሲንጋፖር የማሌይኛ ፊልም የሚሠራ ስቱዲዮም ነበራቸው። ስመ ጥሩው ተዋናይና ዘፋኝ ፒ. ራምሊ ለእነሱ ይሠራ ነበር።

በ1953 ሎክ ከፊልም ነጋዴው ከሆ አህ ሎክ ጋር ተሻርኮ ካቴይ-ክሪስ የተባለ ኩባንያ መሠረተ። ሁለቱ ሰዎች ዝምድና አልነበራቸውም። «ክሪስ» የማሌይ ሕዝብ የሚታወቅበት፣ ስለቱ የተጣመመ ጩቤ ስም ነው። በዚያው ዓመት ኩባንያው «ቡሉህ ፐሪንዱ» የተባለውን፣ በማሌይኛ የመጀመሪያ የሆነውን ባለ ቀለም ፊልም አወጣ።

ትልቁ ስኬት የመጣው በ1957 «ፖንቲያናክ» በተባለው አስፈሪ ፊልም ነው። ፖንቲያናክ በማሌይ አፈ ታሪክ፣ በወሊድ የሞተች ሴት ደም የምትመጥ መንፈስ ሆና የምትመለስባት ናት። ሕንዳዊው ቢ. ኤን. ራኦ ያዘጋጀውና ማሪያ ሜናዶ በመሪነት የተወነችበት ይህ ፊልም ከማሌዮች አልፎ ቻይናውያንንም ወደ ሲኒማ ቤት ሳበ፤ ተከታታይ ፊልሞችም ተሠሩለት። በ1961 ደግሞ ከስቱዲዮው የፊልም አርታኢዎች የወጣው ወጣት ሁሴን ሃኒፍ «ሃንግ ጀባት»ን አዘጋጀ። ፊልሙ የታወቀውን የማሌይ ጀግኖች ታሪክ በሱልጣኑ ላይ ባመፀው ሰው ዓይን የሚያሳይ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

በሆንግ ኮንግ

ሎክ ለቻይንኛ ፊልሞች የተመለከተው ወደ ሆንግ ኮንግ ነው። በዚያ ዩንግ ሁዋ የተባለው ስቱዲዮ ለሎክ ኩባንያ የነበረበትን ዕዳ መክፈል ባለመቻሉ በ1955 በእጁ ገባ። በማግስቱ ዓመት በዚሁ ስቱዲዮ ላይ አዲስ የፊልም ኩባንያ ተቋቋመ። ኩባንያው በተለይ የከተማ ወጣቶችን ኑሮ፣ ፍቅርና ዘፈን የሚያሳዩ የማንዳሪን ፊልሞችን ሠራ። በ1957 የወጣው «ማምቦ ገርል» ግሬስ ቻንግን እጅግ ዝነኛ አደረጋት። ደራሲዋ ኢሊን ቻንግም ለኩባንያው የፊልም ድርሰቶች ጽፋለች።

ከሻው ጋር የነበረው ፉክክር በዚህም ቀጠለ። አንዱ ወገን የጀመረውን ታሪክ ሌላው ቀድሞ ለማውጣት ይሽቀዳደም ነበር። ስለ ሊያንግ ሻንቦና ዡ ዪንግታይ ፍቅር የሚተርከውን ጥንታዊ ታሪክ ሁለቱም ሠርተውት፣ ሻው በ1963 ቀድሞ በማውጣቱ ከፍተኛ ገቢ አግኝቷል። የሎክ ኩባንያ ሥራ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ሎክ ከፊልም ሥራው ሌላ የማላያ አየር መንገድ እና የሲንጋፖር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ ሊቀመንበር ሆኖ አገልግሏል።

አሟሟት

በጁን 1964 ሎክ በታይፔይ በተካሄደው የእስያ ፊልም ፌስቲቫል ተገኘ። ጁን 20 ቀን ከታይቹንግ ወደ ታይፔይ ሲመለስ የተሳፈረበት አውሮፕላን ብዙም ሳይርቅ ተከሰከሰ። በውስጡ ከነበሩት 57 ሰዎች አንድም አልተረፈም። ከሟቾቹ መካከል ባለቤቱ እና ከእሱ ጋር የተጓዙ የኩባንያው ኃላፊዎች ይገኙበታል።

ከሎክ በኋላ

የድርጅቱን አመራር የእህቱ ባል ቹ ኮክ ሊዮንግ ተረከበ። የሎክ ሞት ግን ብቸኛው ችግር አልነበረም። ከ1963 ጀምሮ ኢንዶኔዥያ ከማሌዢያ ጋር በመጋጨቷ ለማሌይኛ ፊልም ሰፊ የነበረው ገበያ ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት በሲንጋፖር ቴሌቪዥን ተጀመረ። በ1965 ሲንጋፖር ከማሌዢያ ተለይታ ነፃ አገር ስትሆን ደግሞ የአገር ውስጡ ገበያ ይበልጥ ጠበበ። የሻው የማሌይኛ ስቱዲዮ በ1967 ሲዘጋ፣ ካቴይ-ክሪስም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊልም መሥራት አቆመ። በሆንግ ኮንግ የነበረው ስቱዲዮም ብሩስ ሊን በሠራባቸው ፊልሞች ለታወቀው ጎልደን ሃርቨስት ተላለፈ። ሲኒማ ቤቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ።

የመጀመሪያው «ፖንቲያናክ» ዛሬ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ከካቴይ-ክሪስ ሥራዎች የተረፉት 91 ፊልሞች በሲንጋፖር በሚገኘው የእስያ ፊልም መዝገብ ቤት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ በ2014ም በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ የእስያና ፓሲፊክ መዝገብ ሰፍረዋል።