ሞተር ሳይክሉን ሳይቀይር የዓለም ሪከርድ የሰበረው አዛውንት

የኳስ አፍቃሪ ሮጀር ሚላን አይረሳውም። ካሜሩናዊው አጥቂ እ.ኤ.አ በ1994 የአሜሪካ ዓለም ዋንጫ ሩሲያ ላይ ጎል ሲያስቆጥር 42 ዓመቱ ነበር። እኩዮቹ ጫማቸውን ከሰቀሉ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን ገብቶ አገባ። ዓለምም ጉድ አለ። ዛሬ የምናነሳው ሰው ግን ያኔ ከነበረው ሚላ በ26 ዓመት ይበልጣል። በርት ሙንሮ ይባላል። ኒውዚላንዳዊ ነው። በ68 ዓመቱ የሞተር ሳይክል የፍጥነት ሪከርድ ሰበረ። ያውም በአዲስ ሞተር መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ከ47 ዓመት በፊት በገዛት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው!

እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ እንዲህ ነው።

ሙንሮ የተወለደው እ.ኤ.አ መጋቢት 25 ቀን 1899 ሲሆን ኑሮው በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ በምትገኘው ኢንቨርካርጊል ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ በ1920 ኢንዲያን ስካውት የምትባል ሞተር ሳይክል ገዛ። ስሟን ሰምቶ ከህንድ የመጣች የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ የአሜሪካ ሥሪት ናት። ሞተሯ 600 ሲሲ ሲሆን ከፋብሪካ ስትወጣ ቢበዛ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄድ ነው። ለዘመኑ መጥፎ አልነበረችም፤ ለሙንሮ ግን ቀርፋፋ ሆነችበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦ የተሻለ ይገዛል። እሱ ግን እ.ኤ.አ ከ1926 ጀምሮ ያችኑ መፈታታትና ማሻሻል ያዘ። ቀን ቀን ሞተር ሳይክል እየሸጠና እየጠገነ ይሠራል፤ ማታ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ ከስካውቷ ጋር ያመሻል። ገንዘብ እንደ ልብ ስላልነበረው መለዋወጫውን ራሱ መሥራት ነበረበት። ብረታ ብረት እያቀለጠ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ፒስተን ይቀርጻል። ፒስተኑን የሚይዘውን ቢዬላ ከአሮጌ ትራክተር አክሰል ቆርጦ በእጁ በሞረድ እየሞረደ ያወጣል። መለኪያ ሲያጣ ከቸርኬ ሽቦ መለኪያ ሠራ። የጎማውን ጥርስ ሳይቀር በወጥ ቤት ቢላዋ ቀርጾታል። ነገሩ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ግን እውነት ነው።

ሥራው ታዲያ ቀላል አልነበረም። መካኒኮች እንደሚያውቁት ሞተር ላይ ጉልበት ሲጨመር ጫናው ደካማውን ዕቃ ፈልጎ ያገኘዋል። ፒስተኑ ሲጠነክር ቢዬላው ይሰበራል፤ ቢዬላው ሲስተካከል ደግሞ ሌላው ይፈነዳል። በሙንሮ ጋራዥም ይኸው ነው የሆነው። የሚገርመው ግን የተሰበረውን አልጣለም። ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያ ሠርቶ የተቃጠለ ፒስተኑንና የተሰበረ ብረቱን ሁሉ ደረደረበት፤ ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መሥዋዕት ነው ብሎም ጻፈበት። ሲታይ ፌዝ ይመስላል። ግን ያ መደርደሪያ ትምህርት ቤቱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የትኛው ዕቃ በምን ምክንያት እንደተሸነፈ ዓይኑ ሥር ተቀምጧላ!

እ.ኤ.አ በ1953 ደግሞ የኢንዲያን ፋብሪካ ምርቱን አቆመ። የሙንሮ ሞተር ግን መሮጧን አላቆመችም። ለምን ቢባል ሞተሯ ከፋብሪካው ይልቅ የእሱ የእጅ ሥራ ሆና ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ ድል ብቻ አይደለም። ሙንሮ እ.ኤ.አ በ1927 ትዳር መሥርቶ አራት ልጆች ወልዷል። እ.ኤ.አ በ1947 ትዳሩ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሥራውንም ተወና እዚያው ጋራዡ ውስጥ መኖር ጀመረ። መኝታውም መሥሪያውም አንድ ሆነ ማለት ነው። አንድን ሞተር ሳይክል ለአሥርተ ዓመታት በሕይወት ማቆየት ከዘይትና ከብረት በላይ ዋጋ እንደሚያስከፍል የሙንሮ ሕይወት ምስክር ነው። ይህንን ሳያነሱ ሪከርዱን ብቻ ማውራት ታሪኩን በግማሽ መተው ይሆናል።

ወደ ሪከርዱ እንምጣ። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ቦንቪል የሚባል እንደ መስታወት የተዘረጋ የጨው ሜዳ አለ። በዓለም ፈጣን ነን የሚሉ ሁሉ የሚፈተኑት እዚያ ነው። ሙንሮ የልብ ሕመም እያለበት ሞተሩን በመርከብ ጭኖ ውቅያኖስ አቋርጦ ሄደ። እ.ኤ.አ በ1962 ሞተሯን ወደ 850 ሲሲ አሳድጎ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር በመሮጥ በክፍሉ ሪከርድ ያዘ። ያኔ ዕድሜው 63 ነበር። እ.ኤ.አ በ1966 ሌላ ሪከርድ ጨመረ።

ትልቁ ቀን የመጣው እ.ኤ.አ በ1967 ነው። ሞተሯ 950 ሲሲ ደርሳለች። የአየሩን ግፊት እንድትሰነጥቅ እንደ ዓሣ የሾለ ቅርፊት ለብሳለች፤ ሽማግሌውም ውስጧ ተጣብቆ ተኝቷል። ለማጣሪያ በአንድ አቅጣጫ ባደረገው ሩጫ በሰዓት ከ305 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። ሪከርድ የሚያዘው ግን በደርሶ መልስ ሩጫ አማካይ ስለሆነ 295 ኪሎ ሜትር ተመዘገበለት። ከፋብሪካ በ88 የወጣች ሞተር በ295! ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ1977 በስትሮክ ተመታ። እጁ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለው። ያኔ ሞተር ሳይክሎቹ ከአካባቢው እንዳይወጡ ብሎ እዚያው ከተማ ላለ ነጋዴ ሸጣቸው። እ.ኤ.አ ጥር 6 ቀን 1978 በ78 ዓመቱ አረፈ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ በ2005 አንቶኒ ሆፕኪንስ ሙንሮን ሆኖ የተወነበት ፊልም ወጣ። እ.ኤ.አ በ2014 ደግሞ ልጁ የ1967ቱን ውጤት ሲያየው የሂሳብ ስህተት አገኘበት። የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ማኅበርም አጣርቶ ሪከርዱን ወደ 296 አሻሻለው። ሰውዬው ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ ፍጥነት ጨመረ ማለት ነው!

ሞተር ሳይክል ያላችሁ አንባቢያን፣ ኪሎ ሜትሩ በዛ ብላችሁ ለመሸጥ ስታስቡ ሙንሮን አስታውሱት። ሁላችንም በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አንሮጥም፤ አያስፈልገንምም። እሱ ያሳየን ግን ሞተር ባለቤቱ ካወቃት በዕድሜ ብቻ እንደማትሞት ነው። የተሰበረውን ዕቃ ከመወርወር በፊት ለምን እንደተሰበረ መጠየቅ ይቀድማል።