ለአንድ መድፍ የተሠራ መንገድ፦ ዐፄ ቴዎድሮስ እና የመቅደላ ጉዞ

ራሳቸውን ስለሚነዱ መኪኖች በሚደረገው ጥናት አንድ ጥያቄ እስካሁን አልተቋጨም፦ ተሽከርካሪው ያገኘውን መንገድ በካሜራና በራዳር አንብቦ ይለፍ ወይስ መንገዱ አስቀድሞ ለተሽከርካሪው ይዘጋጅ? ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልዲያ ከሚዘልቀው አስፋልት በስተምዕራብ፣ ሞተር ባልነበረበት ዘመን፣ አንድ ንጉሥ ሁለተኛውን መልስ መርጠው ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ከሽፍትነት ተነሥተው፣ መሳፍንቱን ተራ በተራ አሸንፈው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ዘመቻዎቻቸው በሰፊው ስለተጻፉ እዚህ አይዘረዘሩም። መንገድ ሠሪነታቸው ግን የሚገባውን ያህል የተጠና አይመስልም። ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ ሠራዊታቸውን በሥራው ያስከትሉ ነበር።

በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች በንጉሡ ትእዛዝ ያቀለጡት ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ ግዛታቸው በዐመፅ ተሸርሽሮ ከሠፈራቸው ብዙም አያልፍም ነበር። መድፉ ለአጋሰስ የሚጫን ስላልሆነ በሠረገላ ላይ ሆኖ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት ተጎተተ። ሠረገላ ደግሞ በቅሎ በምትወጣው ገደል አይወጣም፤ ዳገቱ መለዘብ፣ ጠመዝማዛው መስፋት አለበት። ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተቆረጠ ሄደ። በዋድላና በደላንታ መካከል ያለው ሸለቆም ሆነ ከደላንታ ወዲህ ያለው የበሽሎ ገደል 1000 ሜትር ገደማ ይጠልቃሉ፤ ለሁለቱም መውረጃና መውጫ ተበጀላቸው። ጉዞው ከ5 ወር በላይ ፈጅቶ በመጋቢት ተጠናቀቀ።

በዚያው ወቅት የናፒዬር ጦር ከዙላ ተነሥቶ እየገሠገሠ ነበር። ጦሩ በባሕሩ ዳር የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል፤ ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ስቧል፤ ከባድ መድፎቹን በሕንድ ዝሆኖች አስጭኗል። የእንግሊዞቹ መስመር ጭነትንም ወሬንም ያስተላልፋል፤ የንጉሡ መንገድ ጭነትን ብቻ። ሆኖም እንግሊዞቹ ከሁለቱ ገደሎች አፋፍ ሲደርሱ መውረጃው ተሠርቶ ጠበቃቸው፤ ለሴባስቶፖል በተቆረጠው መንገድ ወርደው ወጡ። በአሮጌ ሜዳ ጦርነት የንጉሡ ትልልቅ መድፎች የታሰበላቸውን አላደረጉም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ሴባስቶፖልን እንደ ከንቱ ድካም የሚቆጥሩ አሉ። በዚህ ጸሓፊ ግምት ግን የዚያ ጉዞ ዋና ሥራ መድፉ ሳይሆን መንገዱ ነው፤ የንጉሡ ችግርም የመነጨው ከመንገዱ ጥራት እንጂ ከጉድለቱ አይደለም። ለአንድ ተሽከርካሪ ልክ የተሠራ መንገድ ማን እንደሚሄድበት አይለይም። ከመኪና ጋር መልእክት የሚለዋወጥ መንገድ ለመዘርጋት የሚያስብ መሐንዲስም መልእክቱን ማን ሊያነበው እንደሚችል ከወዲሁ መወሰን ይኖርበታል።

መድፉ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል። አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ መኪኖች ቀኑን ሙሉ ይዞሩታል።