ጆሴፊን ኮክረን

በአዳማ ሆቴሎች የሠርግ ማግሥት የሚቆለለውን ሳሕን ያየ ሰው የዚህችን ሴት ሐሳብ በቀላሉ ይረዳል። ጆሴፊን ኮክረን በ1839 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ተወለደች። ባለጸጋ ስለ ነበረች ሳሕን የሚያጥቡላት ሠራተኞች ነበሯት፤ ይሁን እንጂ የምትሳሳላቸው ሳሕኖች በእጥበት ጊዜ እየተሸረፉ ስላስቸገሯት ማጠቢያ መኪና ለመሥራት አሰበች። በ1883 ባሏ ሞተ፤ የተወላትም ዕዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ።

ጆርጅ በተርስ ከተባለ መካኒክ ጋር በማገዶ ቤቷ ውስጥ ሥራውን ጀመረች። ሳሕኖቹን ለክታ በልካቸው የሽቦ ማቀፊያ አበጀች፤ ማቀፊያዎቹንም በመዳብ ጋን ውስጥ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ገጠመች። ቀደም ሲል ከተሞከሩት መኪናዎች አንዳንዶቹ በብሩሽ ይፈትጉ ነበር፤ የእርሷ ግን በኃይል በሚረጭ የሳሙና ውኃ ያጥብ ነበር። በታኅሣሥ 1886 የፈጠራ ባለመብትነት ማረጋገጫ አገኘች።

መኪናው ውድ ከመሆኑም በላይ ብዙ ፍል ውኃ ይፈልግ ስለ ነበር የገዙት ሆቴሎች እንጂ የቤት እመቤቶች አልነበሩም። በ1893 በቺካጎው የዓለም ትርዒት ላይ ከታየ በኋላ ገበያው ሰፋ። ጆሴፊን በ1913 ሞተች፤ ድርጅቷንም በ1926 ሆባርት የተባለ ኩባንያ ገዛው። ዛሬ አሮጌ የሳሕን ማጠቢያዎችን እየጠገኑ የሚገለገሉ ሰዎች ክዳኑን ሲከፍቱ የሚያገኙት ያንኑ የሽቦ ማቀፊያና የውኃ መርጫ ነው።