ያልተጻፈው ትእዛዝ

ካንተርበሪ ካቴድራልን ለመጎብኘት የሄድኩት ለሕንጻው ውበት ብዬ አልነበረም። የሕግ ተማሪ ሳለሁ ታሪኩን ያነበብኩትን አንድ ሟች ፍለጋ ነው። ቶማስ ቤኬት ይባላል። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤኬት የለንደን ነጋዴ ልጅ ነበር። በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በቴዎባልድ ቤት አገልግሏል፤ ቦሎኛ ድረስ ሄዶም ሕግ ተምሯል። ንጉሥ ሄንሪ ዳግማዊ በ1155 ቻንስለር አደረገው፤ በእኛ ወግ ጸሐፌ ትእዛዝ ልንለው እንችላለን። ከንጉሡ ጋር አደን የሚወጣ፣ በድሎት የሚኖር ወዳጅ ሆነ። ንጉሡም ቤተ ክርስቲያኒቱን በወዳጁ በኩል ሊይዛት አስቦ በ1162 ሊቀ ጳጳስ አስደረገው። ቅስና የተቀበለው እንኳ በሹመቱ ዋዜማ ነበር።

ስሌቱ ግን አልሠራም። ቤኬት የቻንስለርነቱን ሥልጣን ለቆ ለቤተ ክርስቲያን መብት ቆመ። ጠቡን ካከረሩት ጉዳዮች ዋነኛው ወንጀል የሠራ ካህን በማን ይዳኝ የሚለው ነው። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነፍስ ያጠፋን ካህን እንኳ በሞት አይቀጣም፤ ክህነቱን ይገፍፈዋል። ሄንሪ በ1164 በክላረንደን ባወጣው ባለ 16 አንቀጽ ድንጋጌ፣ እንዲህ ያለው ጥፋተኛ በንጉሡ ፍርድ ቤት ይቀጣ አለ። ቤኬት ደግሞ አንድ ሰው ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም ሲል ተከራከረ። በዚያው ዓመት እሱ ራሱ ተከስሶ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ።

እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪ ሳለሁ ልቤ ከንጉሡ ጋር ነበር። ሕግ ለሁሉም እኩል ይሁን ማለት ምን ነውር አለው?

ቤኬት ከስድስት ዓመት በኋላ ተመለሰ። የንጉሡን ልጅ ያለ እሱ ቀብተው ባነገሡት ጳጳሳት ላይ ቅጣት ማስተላለፉ ሄንሪን አስቆጣው። ንጉሡ በንዴት የተናገረውን አራት ባላባቶች እንደ ትእዛዝ ቆጥረው ባሕር ተሻገሩ። ዲሴምበር 29 ቀን 1170 በገዳሙ ግቢ በኩል ተከትለውት ካቴድራሉ ገቡ። መነኮሳቱ በሩን ሊቀረቅሩ ቢሉም ቤኬት ከለከላቸው። እዚያው በሰይፍ ገደሉት።

የወደቀበት ቦታ ቆሜ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። የተጻፈ ትእዛዝ የለም፣ ክስ የለም፣ ፍርድ የለም። ባለ ሥልጣን ሲቆጣ የሚያስፈጽም ሎሌ አይጠፋም።

ቤኬት በ1173 ቅዱስ ተባለ። ሄንሪ በ1174 በባዶ እግሩ መጥቶ በመነኮሳቱ እጅ ተገረፈ፤ በ1176ም ካህናት በአብዛኛው በንጉሡ ፍርድ ቤት እንዳይዳኙ ተስማማ። ያ የክህነት ከለላ መልኩን እየለዋወጠ በእንግሊዝ ሕግ እስከ 1827 ዘለቀ። ንጉሡ በክርክር ሊያሸንፍበት ይችል የነበረውን ጉዳይ በሰይፍ ተሸነፈበት ማለት ነው።

ሄንሪ ስምንተኛ በ1538 የቤኬትን መቃብር አፈራረሰው። ዛሬ በቦታው አንድ ሻማ ይበራል። ወደዚያ የሚያወጡት የድንጋይ ደረጃዎች በምእመናን እግርና ጉልበት ብዛት ጎድጉደዋል። ጉድጓዱን ረግጬ ወረድኩ፤ ልቤ ግን ከእንግዲህ ከንጉሡ ጋር አልነበረም።