እቴጌ ጣይቱና ዐፄ ምኒልክ በክፉ ቀን

ከየካ ጀርባ ወደ ጉለሌ የሚዘልቀው የእንጦጦ ተራራ፣ የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ቤተ መንግሥት የጠገበበትንም አገር የተራበበትንም ጊዜ አይቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ አጭር ነበር። በ1887 (እ.ኤ.አ.) ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምርቃት በወይዘሮ ጣይቱ አዘጋጅነት የተጣለው ግብር ቀናትን የፈጀ፣ በሺህ የሚቆጠሩ እንስሳት የታረዱበት ነበር። በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔዓለም በቁርባን የተጋቡት እኚህ የስሜንና የየጁ ባላባቶች ዘር፣ ግብርን የፖለቲካ መሣሪያ አድርገው የተጠቀሙበት ይመስለኛል፤ ከየአውራጃው የመጣው መኳንንት በአንድ ማዕድ ተቀምጧልና።

ብዙም ሳይቆይ የቀንድ ከብት ደስታ በሽታ ገባ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። የችግሩ ቁልፍ የዝናቡ መቅረት ብቻ አልነበረም። ጤፍ ደጋግሞ የታረሰና የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢጥልለትም በዶማ ቆፍሮ ሊዘራ የሚችለው ጥቂት ነው።

ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ረኃቡ በርትቶ ነበር። ንጉሡ ጎተራ አስከፍተው እህል አደሉ። በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውን ዜና መዋዕላቸው ይመሰክራል። መሬት መቆፈርን እንደ ውርደት ለሚያይ መኳንንት ይህ ከአዋጅ የበለጠ ትእዛዝ ነበር።

የእቴጌይቱ ድርሻ ጎልቶ የሚታየው ግን በውጭ ጉዳይ ነው። በውጫሌ ውል ተጨማሪ ስምምነት ከጣሊያን 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲገኝ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። አገሪቱ በተዳከመችበት በዚህ ሰዓት፣ በ1883 ዓ.ም. አንቶኔሊ የአንቀጽ 17ን የጣሊያንኛ ትርጉም ለማስጸናት ሲደራደር እቴጌይቱ በጽናት ተቃወሙት። ንጉሡ ውሉን ጨርሰው የሻሩት በየካቲት 1885 ዓ.ም. ነው። ረኃብ ለውጭ ጫና በር ይከፍታል በሚባልበት ዘመን የሁለቱ አቋም ልዩ ትኩረት ይገባዋል።

በሌላ በኩል የማገገሙ ዋጋ በሸዋ ብቻ አልተከፈለም። በ1887 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው በመሩት የወላይታ ዘመቻ ንጉሥ ጦና ተማረኩ፤ ዘመቻውን ያየው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሃይም እልቂቱንና የተነዳውን ከብት ብዛት ጽፎ አቆይቷል። ከብቱ ያለቀበት ሰሜንና መካከለኛው አገር በደቡብ ምርኮ ጭምር ተተካ። የክፉ ቀን ታሪክ የንጉሡን ዶማ እያነሣ ይህን ምርኮ ሲዘልል፣ ግማሹን ሒሳብ ብቻ ያቀርባል። እቴጌይቱ በምርኮው ላይ የነበራቸውን ሐሳብ ከዚህ ተነሥቶ መገመት አይገባም።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ከሥልጣን አስቀድመው የተገለሉት ጣይቱ ያ ግብር ወደተጣለበት ወደ እንጦጦ ማርያም ደብር ወጡ። እዚያው ኖረው በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ፤ አፅማቸውም በኋላ ከባለቤታቸው ዘንድ፣ ወደ በአታ ለማርያም ተዛወረ።